እማዬ ፈቃድ የምትወጣው ለምን ሁሌ በክረምት ሆነ?

የፋሲካ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ዶሮው ወጥቷል፣ ድፎው ተቆርሷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ገበታው ላይ ከምግቡ ጎን የስኳር ጣሳ ተቀምጧል፤ ጣሳው ላይ ስልክ ተደግፏል፤ ስልኩ ላይ እማዬ አለች። ሪያድ፣ የሰው ቤት፣ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ሆና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። «እስቲ ወደ ድስቱ አዙሪው» አለቻት እህቴን። እህቴ አዞረችው። «ቅቤው ከላይ ወጥቷል አይደል? ጎሽ የኔ ልጅ። ፈረሰኛውን ለአባታችሁ አውጪለት።» ከዛ ትንሽ ዝም ተባለ። «በሉ ብሉ እናንተ፣ እኔ ጠዋት ሥራ አለብኝ» አለችና ዘጋችው።

ጠዋቱ የፋሲካ ጠዋት ነው። እሁድ። ሳዑዲ ውስጥ የሳምንቱ ዕረፍት አርብና ቅዳሜ ስለሆነ እሁድ የሥራ መጀመሪያ ቀን ነው። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት ደግሞ አንድ ነው፣ የደቂቃ ልዩነት እንኳን የለውም። እኛ ቡና ስናፈላ እሷ የሰው ልጆች ለትምህርት ቤት እያዘጋጀች ነበር።

የእናት ናፍቆት ዘፈን በየበዓሉ ሞልቷል። ባንኮቹም በበዓል ሰሞን ከውጭ ገንዘብ ለሚላክላቸው ሰዎች ዕጣና ስጦታ ያዘጋጃሉ። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግኩት ግን ስለ ካላንደር ነው። እማዬ ከሄደች ዘንድሮ 13ኛ ፋሲካችን ነው። በነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ መጥታለች፣ ሁለቱንም ጊዜ በሐምሌ። አንድም ፋሲካ፣ አንድም ገና፣ አንድም እንቁጣጣሽ አብረን አላሳለፍንም። ድሮ አጋጣሚ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት እናት፣ የጓደኛዬ እናት፣ የሰፈር ልጅ አክስት፣ ሁሉም ክረምት ላይ ሲመጡ ሳይ ግን መጠርጠር ጀመርኩ።

የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሁለት ዓመት ጨርሳ ውሏን ለምታድስ ሠራተኛ ክፍያ ያለው የአንድ ወር ፈቃድ ይሰጣል። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ኤምሬትስም በ2022 እ.ኤ.አ. ሕጓ በዓመት 30 ቀን ብለዋል። ወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። ቀኑን ማን ይቆርጣል ከተባለ ግን በተግባር አሠሪው ነው። አሠሪው ደግሞ ሠራተኛዋን የሚለቃት ቤቱ ብዙም በማይፈልጋት ጊዜ ነው። ያ መቼ ነው? ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቤተሰቡ ራሱ ለሽርሽር ከአገር ሲወጣ። በኛ አቆጣጠር ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው።

በኛ ካላንደር ሐምሌ ውስጥ ምን አለ? ዝናብ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ከዛ እዛ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት መመለስ አለባት፣ ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ትሄዳለች። በ2015 እማዬ የተመለሰችው ነሐሴ 12 ነበር፣ የቡሄ ዋዜማ። የሰፈር ልጆች በራችን ላይ ሆያ ሆዬ ሲሉ እኛ ሻንጣ በገመድ እያሰርን ነበር። በርበሬው ኪሎ አልፎ እንደገና ፈታነው፣ እንደገና አሰርነው። ልጆቹ ሙልሙል ሲጠብቁ ቆይተው ሄዱ።

ቤቱ በጣም የሚፈልጋትስ መቼ ነው? ረመዳን። ኢፍጣርና ሱሁር የሚሰናዳበት፣ እንግዳ የሚበዛበት፣ ሌሊቱ ቀን የሚሆንበት ወር ነው። በረመዳን ሠራተኛውን ፈቃድ የሚሰጥ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። እዚህ ጋር ነው ነገሩ የሚገርመው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደኋላ ስለሚመጣ ሰሞኑን ከሁዳዴ ጋር ተገናኝቷል። በ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ሲውል ሳዑዲ ገና ረመዳን ላይ ነበረች። በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፣ መጋቢት 2። በ2017 ደግሞ ሁዳዴ የካቲት 17 ገብቶ ረመዳን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በውስጡ አለፈ።

በ2016 እማዬ ስትደውል እየሳቀች የነገረችን አይረሳኝም። ማዳም ጾመኛ፣ እሷ ጾመኛ፣ ሾርባው የሥጋ፣ ጨዉን የሚቀምስ ሰው ቤቱ ውስጥ ጠፋ። «በሽታው ገመትኩት» አለች። ሳቅን። ስልኩ ሲዘጋ እህቴ «ቀኑን ሙሉ ሥጋ እያበሰለች ነው የምትጾመው ማለት ነው» አለች፣ ከዛ ማንም አልሳቀም።

«ታዲያ ለምን በራሷ ቲኬት ቆርጣ ለፋሲካ ብቅ አትልም?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ዱባይ ሱቅ ያላቸው ዘመዶች ያሏቸው ናቸው አብዛኞቹ። የቤት ሠራተኛ ከሳዑዲ ወጥታ ለመመለስ የመውጫና መመለሻ ቪዛ ያስፈልጋታል፣ እሱን የሚያስወጣላት ደግሞ አሠሪዋ ነው። ሳዑዲ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ለብዙ የውጭ ሠራተኞች ይሄን ያቀለለ ማሻሻያ አድርጋለች፤ የቤት ሠራተኞች ግን ከማሻሻያው ውጭ ሆኑ። ሊባኖስማ የሥራ ሕጓ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አያካትትም። ከፊሉ «እሺ» ካላለ ቲኬቱ ወረቀት ነው።

ሁሉንም ነገር በዓረብ አሠሪ ላይ ማላከክ ግን ልክ አይመስለኝም። እኛም ካላንደሩን ዘግተነው እናውቃለን። እማዬ የሄደችው በሰኔ 2004፣ በሕጋዊ መንገድ ነው። የመጀመሪያ ፈቃዷ መድረስ የነበረበት በ2006 ክረምት ነበር። ጥቅምት 2006 ላይ መንግሥት ለቤት ሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። በዛው ሰሞን ሳዑዲ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አባረረች። የእማዬ ኢቃማ ትክክል ነበር፣ ግን «ብመጣ መመለስ እችል ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ያዛት። የእገዳው ዓላማ ሴቶችን ከበደል መጠበቅ ነበር፣ ይገባኛል። በኛ ቤት የሠራው ሥራ ግን እናታችንን እዛ መቆለፍ ነው። በ2006 አልመጣችም፣ በ2008 አልመጣችም። እገዳው በ2010 ተነሳ። በ2011 ሐምሌ ቦሌ ልንቀበላት ስንሄድ ከሄደች 7 ዓመት ሞልቷታል። ስትሄድ 4 ዓመት የነበረው ታናሽ ወንድሜ 11 ሆኖ፣ እጁን ዘርግቶ «ጤና ይስጥልኝ» አላት። እንደ እንግዳ። አባዬ ዞር ብሎ ታክሲ ፍለጋ ሄደ።

የ2013ቱ ተራ ደግሞ በኮሮና የጉዞ እገዳ ምክንያት አለፈ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም «አንድ ዓመት ልጨምር» የሚለው ነገር የሚመጣው ከዛ ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ከ120 በላይ ሆነ። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የእማዬ ደሞዝ 1,200 ሪያል፣ 320 ዶላር ማለት ነው። ያኔ ሁሉንም ብትልከው ከ18 ሺህ ብር ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ በ2017 ከ38 ሺህ በላይ ሆነ። ደሞዟ ግን አንድ ሪያል አልጨመረም።

ሰፈር ውስጥ «የእናንተ ቤትማ ተሻለው» ይሉናል። ግማሽ እውነት ነው። ለፋሲካ ዶሮ ገዝታችሁ ከሆነ ቀሪውን ግማሽ ታውቁታላችሁ፤ ዶሮ ከአንድ ሺህ ብር ካለፈ ቆየ፣ ዘይቱም ቅቤውም አብሮ ሄዷል። ግን ከኑሮ ውድነቱ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብሩ በወረደ ቁጥር እዛ መቆየት የበለጠ «የሚያዋጣ» እየመሰለ ይሄዳል። ድሮ እማዬ «ለቤቱ ቆርቆሮ የሚሆን ይዤ እመለሳለሁ» ነበር የምትለው። ቆርቆሮው ተመታ። ከዛ «የእህትሽን ኮሌጅ ላስጨርስ» ሆነ። ተጨረሰ። አሁን «በዚህ ምንዛሪ ማን ይመለሳል?» ነው። መልስ የለኝም፣ ምክንያቱም ይሄን ጽሑፍ የምጽፍበት ስልክ ራሱ በ2015 በሷ ሻንጣ የመጣ ጋላክሲ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ጋዜጠኛ ያደረገኝ ስልክ ነው፣ ስልኩን የገዛው ደግሞ የእማዬ ረመዳን ነው።

ገንዘቡ ይመጣል፣ ሥራው ግን ከገንዘቡ ጋር አይመጣም። የበዓል ሥራ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይቀራል፣ በኛ ቤት ያ ሰው እህቴ ናት። እማዬ ስትሄድ 14 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ዶሮ በ2005 ስትሠራ ቪዲዮ ኮል የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም፤ ሳዑዲም በኢንተርኔት መደወልን የፈቀደችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። እማዬ በካርድ ትደውላለች፣ እህቴ ጆሮዋና ትከሻዋ መሃል ስልኩን ይዛ ሽንኩርት ታቁላላለች። ካርዱ ያለቀው «አሁን በርበሬውን...» ላይ ነበር። በርበሬውን ምን? እህቴ ቆማ ጠበቀች፣ ሽንኩርቱ አረረ። ዶሮውን ስትገነጥልም 12 ብልት መሆን ሲገባው 10 ወጣ። አባዬ አገላብጦ አየና «ይሄኛው ዶሮ ሁለት ብልት የለውም ነበር» አለ። እስካሁን በየበዓሉ የምንስቅበት ነገር ነው።

ግን እስቲ ልብ በሉ። የ14 ዓመት ልጅ የበዓል ዋዜማ ላይ ዶሮ ስታጥብ፣ ዳቦ ስታቦካ፣ ታናሽ ወንድሟን ስታጥብ፣ እንግዳ ስትቀበል እኔ የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። ማንም አልጠራኝም። አባዬ ዶሮውን ያርዳል፣ ቄጤማ ይገዛል፣ በቃ። እናት ስትሄድ አባት ያለበት ቤት እንኳን ሥራው ወደ አባት አይሄድም፤ ወደ ትልቋ ሴት ልጅ ነው የሚወርደው። እኔ ሽንኩርት መክተፍ የጀመርኩት ከ20 ዓመቴ በኋላ ነው፣ ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ነገሩ በሌላ በኩል ይከፋል። የእማዬ ፋሲካ እዛ ተራ የሥራ ቀን ነው፣ ቢያንስ ማታ ላይ ክፍሏ ገብታ ትደውላለች። ጎረቤታችን ያለችው ልጅ እናት ጅዳ ናት። ኢድ የሷም የአሠሪዋም በዓል ነው። ስለዚህ ኢድ ለሷ ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ቀን ይሆናል፤ የሰላት ልብስ የምትተኩሰው ለሰው ልጆች ነው፣ ቡናና ተምር የምታቀርበው ለሰው ዘመድ ነው። ልጅቷ የኢድ ቀን ለእናቷ አትደውልም። «ስልኩ ቢጮህባት ትቸገራለች» ትላለች። ኢዳቸው በሦስተኛው ቀን ነው።

ሆሳዕና ብትሄዱ ደግሞ የቀረው ሰው አባት ነው፣ አገሩም ደቡብ አፍሪካ። የመስቀል በዓል ላይ ብሩ ይደርሳል፣ በሬው ይታረዳል፣ አባት የለም። እዛ ፈቃድ ከልካይ አሠሪ ላይኖር ይችላል፣ ብዙዎቹ የራሳቸውን ሱቅ ነው የሚሠሩት። ግን በጥገኝነት ወረቀት ያለ ሰው አንዴ ወደ አገሩ ከመጣ መመለሻው ይዘጋል። ስለሱ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ መጻፍ አለበት።

ይሄን ሁሉ አሁን የማነሳው እየሄደ ያለው ሰው እየበዛ ስለሆነ ነው። በ2015 መንግሥት እስከ 500 ሺህ ሠራተኛ ወደ ሳዑዲ ለመላክ ማቀዱ በስፋት ተዘግቧል። በአዋጅ 923/2008 መሠረት ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ነው፣ ጥሩ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ሥልጠና አለ፣ እሱም ጥሩ ነው። የምድጃ አጠቃቀም፣ ልብስ አተኳኮስ፣ የሕፃን አያያዝ ይማራሉ። የሄዱትን ቁጥር በየመግለጫው እንሰማለን። እቤት ስለቀሩት ልጆች ቁጥር ሲነገር ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም።

ፊሊፒንስን እንይ፣ እሷም ሠራተኛ ትልካለች፣ እዛም ሠራተኛ ይበደላል። ግን ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲሴምበርን፣ ማለትም የራሳቸውን የገና ወር፣ ውጭ አገር ላሉ ዜጎቿ መታሰቢያ ብላ ሰይማለች። ለሠራተኞቹ ደኅንነት የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አላት፤ ለልጆቻቸው የትምህርት ድጋፍ ይሰጣል። አሠሪው ፊሊፒናዊቷን ለገና ይለቃታል እያልኩ አይደለም። ላኪው አገር ግን ከሠራተኛዋ ጀርባ ቤት እንዳለ ያውቃል።

ብዙ ነገር አልጠይቅም። ስምምነት ሲታደስ ውሉ ላይ አንድ መስመር ቢገባ፦ በሁለት ዓመት አንዴ የሚወጣውን ፈቃድ ሠራተኛዋ እንድትመርጥ፣ ከሦስት ወር በፊት አሳውቃ። ሌላ አንድ መስመር ደግሞ በሃይማኖቷ በዓል ቀን ስልኳ እጇ ላይ እንዲሆን። ሥልጠናውም ላይ ግማሽ ቀን ቤተሰቡ ቢጠራ፤ አባትየው፣ ልጆቹ፣ አያትየዋ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ፊት ለፊት ቢነጋገሩ። አሠሪዎቹ የመጀመሪያውን እምቢ ሊሉ ይችላሉ። የመጨረሻው ግን ከሪያድ ፈቃድ አይጠይቅም፣ እዚሁ የሚሠራ ነው።

ዘንድሮ የእማዬ ሁለት ዓመት ሞልቷል። እህቴ ደግሞ ቀለበት አስራለች። ሰው ሰርጉን የሚደግሰው በጥር ነው፣ ካልሆነም ፋሲካ ካለፈ በኋላ። የሙሽራው ቤተሰብ «ግንቦት» ብለው ነበር። እህቴ «እማዬ በሌለችበት አላገባም» አለች፣ 13 ዓመት ሙሉ ዶሮ ስትሠራ እምቢ ብላ የማታውቅ ልጅ። አሠሪዎቹ ሐምሌን ፈቅደዋል። ካላንደር አውጥተን ተቀመጥን፤ የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። በመሃል ያሉት እሁዶች ይቆጠራሉ። ሐምሌ 20 ላይ ተስማማን።

ባለፈው ሳምንት ከአባዬ ጋር ድንኳን ልንከራይ ሄድን። ሰውየው ቀኑን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየን። «ሐምሌ 20? በዛ ዝናብ?» አለ። አባዬ «እናቷ ዓረብ አገር ናት» አለው። ሰውየው ሌላ ነገር አልጠየቀም። «በቃ ገባኝ፣ ድርብ ሸራ እሰጣችኋለሁ፣ ከሥር ጣውላ ይነጠፋል» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈልን። ከኛ ስም በላይ፣ በዛው ሐምሌ፣ ሌሎች ሁለት ሰርጎች ተመዝግበዋል።